ማርሽ ሲቀይር ይመታል? ካምቢዮውን ከማስወረዳችሁ በፊት ኮምፒዩተሩን ፈትሹ

እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተሠራ አውቶማቲክ ራቭ ፎር የሚነዳ ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው አይቀርም። ጠዋት መኪናው ቀዝቅዞ እያለ ሁሉም ሰላም ነው። ትንሽ ሄዶ ሲሞቅ ግን፣ ከመብራት ተነስታችሁ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲያልፍ፣ ከኋላ ሰው የገጫችሁ ይመስል ይመታል። ቼክ ኢንጂን ይበራል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱት አንዳንዴ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ነገ ደግሞ ይመለሳል።

ጋራዥ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አንድ መልስ ነው፤ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር።» እኔም ከዓመታት በፊት በሌላ መኪና ይህንኑ ሰምቼ ቀብድ ልከፍል ነበር። ያስቆሙኝ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አውቶ ኤሌክትሪሽያን ናቸው። «ኮዱን ማን አነበበው?» አሉኝ፤ ኮድ ማለት ኮምፒዩተሩ ብልሽት ሲያይ የሚመዘግበው ምልክት ነው። ማንም አላነበበውም ነበር። ካምቢዮው ሳይወርድ መኪናዋ ዳነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካምቢዮ አልቋል የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

በእነዚህ ሦስት ዓመታት ራቭ ፎሮች ላይ ጥያቄው የበለጠ ክብደት አለው። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ራሱ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ይህ ወደ 240,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያ ጊዜ ስላለፈ ዛሬ በነፃ የሚቀይርላችሁ የለም። ግን ካምቢዮው ሲመታ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ሊመጣ እንደሚችል በቂ ማስረጃ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ካቻቪቴ መያዝ ለሚችል፣ ግን የመኪና ኮምፒዩተር ከፍቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ምሳሌዬ ራቭ ፎር ይሁን እንጂ አካሄዱ ለሌሎች የዚያ ዘመን አውቶማቲኮችም ይጠቅማል። አብዛኛው ሥራ መፈተሽ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተሰነጠቀ ሊድ መልሶ መበየዱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ትንሽ ክፍል ነው፤ ምናልባትም ጨርሶ አትደርሱበትም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እየመታ አትንዱት። በጣም ካስፈለጋችሁ ቀስ ብላችሁ ቤት አድርሱትና አቁሙት። ኮምፒዩተሩ ብቻ ታሞ የነበረ መኪና፣ ባለቤቱ ለወራት እየመታ ሲነዳው፣ በመጨረሻ ካምቢዮውም በእውነት ያልቃል።

ለምን ይመታል?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱን ወዲህና ወዲያ የሚመሩት ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትናንሽ ቫልቮች ናቸው። ሶሌኖይዶቹን የሚያዘው ኮምፒዩተሩ ነው። ፍጥነቱን፣ የነዳጅ መርገጫውን፣ ሙቀቱን ያነባል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሶሌኖይድ ተመጥኖ የተቆረጠ ኤሌክትሪክ ይልካል። በዚህ ራቭ ፎር ላይ የሞተሩና የካምቢዮው ኮምፒዩተር አንድ ሳጥን ነው። ለብቻው የካምቢዮ ኮምፒዩተር እየፈለጋችሁ አትድከሙ።

ከሶሌኖይዶቹ አንዱ ኤስ ኤል ቲ ይባላል። ሥራው አጠቃላይ የዘይቱን ግፊት መቆጣጠር ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ግፊቱን አይቀንስም፣ እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት፤ ግፊት ካነሰ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሽቦ ሲላቀቅ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲስት ማርሹ በሙሉ ግፊት ይገባል። እናንተ የምትሰሙት ምት እሱ ነው። ምቱ በራሱ የካምቢዮ ብልሽት ምልክት አይደለም፤ ራሱን እየጠበቀ ያለ ካምቢዮም እንዲሁ ይመታል።

የምታዘጋጁት

መልቲሜትር፣ ርካሹም ይበቃል። ስልክ ላይ የሚሠራ የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ፣ ወይም ስካነር ያለው ጎረቤት። የ10 ቁጥር ቁልፍ፣ የመስቀል ካቻቪቴ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነፅር። ብየዳ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ሙቀቱ የሚስተካከል የኤሌክትሮኒክስ ካውያ፣ 60/40 ሊድ፣ የኤሌክትሮኒክስ ፍለክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ) እና ንጹሕ አልኮል ያስፈልጋችኋል። የቆርቆሮ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ትልቅ ካውያና አሲድ ወደ ኮምፒዩተር አታስጠጉ። አሲዱ ዛሬ ቢያጣብቅም በወራት ውስጥ መዳቡን ይበላዋል።

መጀመሪያ ኮዱን አንብቡ፣ ባትሪውን አትንቀሉ

ይህን በወፍራም ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኛል። ባትሪ ስትነቅሉ የተመዘገበው ኮድ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ይኸው ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ ባትሪውን ነቀልኩና ማስረጃዬን በገዛ እጄ አጠፋሁ። ኮዱ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ።

የኮድ ማንበቢያው ሶኬት ከመሪው በታች፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። ሰኩት፣ ቁልፉን ሞተሩ ሳይነሳ ወደ ኦን አዙሩ፣ አንብቡ። የወጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ ወይም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱ። ኮዱ ሲመዘገብ መኪናው በምን ፍጥነትና በምን ሙቀት ላይ እንደነበር የሚያሳይ ገጽ ካለ እሱንም ያዙ። በኋላ ይጠቅማችኋል።

በዚህ ራቭ ፎር ላይ የኮምፒዩተር ጥርጣሬ የሚቀሰቅሱት ኮዶች ፒ0750፣ ፒ0753፣ ፒ0755፣ ፒ0758 እና ፒ1760 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ማርሽ ቀያሪ ሶሌኖይዶችን ይመለከታሉ። ፒ1760 ደግሞ ያ የነገርኳችሁ ግፊት ተቆጣጣሪ፣ ኤስ ኤል ቲ ነው።

ኮድ ግን ፍርድ አይደለም። ፒ0753 ሲወጣ ኮምፒዩተሩ «የዚህ ሶሌኖይድ መስመር አልጣመኝም» አለ ማለት ነው። ሶሌኖይዱ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦው ሊሆን ይችላል፣ ስፒናው (የሽቦው መሰኪያ) ሊሆን ይችላል፣ ራሱ ኮምፒዩተሩም ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ እነዚህን አራቱን አንድ በአንድ ማጥራት ነው።

ምንም ኮድ ሳይኖር የሚመታ ከሆነ አቅጣጫችሁን ቀይሩ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚይዙት ጎማዎች አልቀው ይሆናል። ኮፋኖውን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ ያቀያይር። እናንተ ከመኪናው ጎን ቁሙና ተመልከቱ፣ ከፊቱ ግን አትቁሙ። ሞተሩ ከቦታው የሚዘል ከሆነ ችግራችሁ ጎማ ነው።

ባትሪ፣ ማሳ፣ ዘይት

ሦስቱን ለመፈተሽ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ኮምፒዩተር ለመክፈት የሚቸኩል ሰው ግን ይዘላቸዋል።

ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚህ ከራቀ መጀመሪያ ባትሪውን ወይም ዲናሞውን አስተካክሉ። ቮልት ያነሰው ኮምፒዩተር ውሸት መናገር ይጀምራል።

ለማሳው፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር ለሚያገናኘው መስመር፣ ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። መብራቱንና የመስኮቱን ማሞቂያ አብሩ። ንባቡ ለዜሮ በጣም መቅረብ አለበት። ግማሽ ቮልት ካያችሁ የማሳው ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። አውጡት፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ አጥብቃችሁ መልሱት።

የካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ነው። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፉና ወደ ፒ መልሱ። ከዚያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ጥረጉት፣ እንደገና አስገብታችሁ አንብቡ። ዘይቱን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉት። ቀላ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ፣ ጉዳቱ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ገብቷል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ቢጠገን እንኳ ብቻውን አያድነውም። ለመጨመር ደግሞ ያገኛችሁትን ቀይ ዘይት አትጨምሩ። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የቶዮታ ታይፕ ቲ ፎር ነው።

ሶሌኖይዶቹን መለካት

የነገሩ ልብ እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ኮዱን ጽፋችሁ ስለጨረሳችሁ አሁን የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል ትችላላችሁ። ካምቢዮው ላይ ሶሌኖይዶቹን የሚያገናኝ አንድ ባለ ብዙ እግር ስፒና አለ። መቆለፊያውን ተጭናችሁ አውጡት፤ ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ወደ ውስጡ ተመልከቱ። አረንጓዴ ነገር አለ? ውኃ አለ? ዘይት አለ? ላቫጆ ሞተር በግፊት ውኃ የማሳጠብ ልማድ ስንቱን መኪና እንዲህ እንዳሳመመ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያ የነገርኳችሁ የመጀመሪያው መኪናዬ በሽታም ከዚህ ሌላ አልነበረም፤ ስፒናው ውስጥ የገባ ውኃ። በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ታጠበ፣ ደረቀ፣ አለቀ።

ስፒናው ንጹሕ ከሆነ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ፣ 0.3 ወይም 0.4 ሊሆን ይችላል። ከምትለኩት ሁሉ ላይ እሱን ቀንሱ። የምንፈልገው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ይህ ልዩነት ያሳስታል።

የትኛው እግር የየትኛው ሶሌኖይድ እንደሆነ ለመለየት የመኪናውን የሽቦ ንድፍ አግኙ። በግምት አትሂዱ። ንድፉ ላይ ሶሌኖይዶቹን በስማቸው ታገኟቸዋላችሁ። ኤስ ኤል 1፣ ኤስ ኤል 2 እና ኤስ ኤል ቲ እያንዳንዳቸው ሁለት ሽቦ አላቸው፤ በሁለቱ መካከል ስትለኩ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም ይመጣል። ኤስ 4 እና ዲ ኤስ ኤል ደግሞ አንድ ሽቦ ብቻ አላቸው፣ መመለሻቸው የካምቢዮው ብረት ነው። እነሱን በእግሩና በብረቱ መካከል ትለካላችሁ፤ ከ11 እስከ 15 ኦም ነው። መኪናው ትኩስ ከሆነ ቁጥሮቹ ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ አትደንግጡ።

አንዱ በጣም ከራቀ፣ ወይም መልቲሜትሩ ጨርሶ ምንም ካላነበበ፣ በሽታው ተገኘ። ሶሌኖይድ ነው፣ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ኮምፒዩተሩን አትንኩት።

ሁሉም ልክ ከሆኑ ስፒናውን መልሱና ያንኑ ልኬት ከሌላው ጫፍ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ከሚሰካው ስፒና በኩል ድገሙት (ኮምፒዩተሩ የት እንዳለና ጥንቃቄው በሚቀጥለው ክፍል አለ፤ መጀመሪያ እሱን አንብቡ)። ለምን ሁለት ጊዜ? አሁን ሽቦውን ጨምራችሁ እየለካችሁ ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ካምቢዮው ላይ ካያችሁት ጋር አንድ ከሆነ ሶሌኖይዱም ሽቦውም ነፃ ወጡ። ከተለየ ሽቦው መሐል ላይ ተጎድቷል። እየለካችሁ ሌላ ሰው የሽቦውን እስር ከሞተሩ ክፍል በኩል ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ። ቁጥሩ ከዘለለ ቦታውን አገኛችሁት።

አላርም ወይም ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ደግሞ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ገጣሚው ኮምፒዩተሩ አጠገብ ካለው ሽቦ ላይ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ የሄደበት ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ተጠራጠሩ።

ኮምፒዩተሩን ማውጣት

ሳጥኑ ያለው ከተሳፋሪው ፊት፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ኤር ባጉ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ነው። እኔ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ቡና ይጠጣበታል። ቢጫ ስፒናዎች ካያችሁ የኤር ባግ ናቸው፣ አትንኩ።

የዳሽቦርዱን ኪስ ባዶ አድርጉና አውልቁት። ከመንቀላችሁ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ስፒናዎቹን አንድ በአንድ መቆለፊያቸውን እየተጫናችሁ አውጡ፣ ከዚያ ሳጥኑን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት የመኪናውን ባዶ ብረት ንኩ። ሹራብና ናይለን ልብስ አውልቁ። እጃችሁ ላይ የማይሰማችሁ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለትናንሾቹ ቺፖች ገዳይ ነው።

ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለች። ስፒናዎቹ እንደተሰኩ፣ ባትሪው ተመልሶ፣ መኪናው በፒ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ፣ ሳጥኑን በካቻቪቴ እጀታ በስሱ መታ መታ አድርጉት። በበር እንደሚያንኳኳ ትሑት እንግዳ። ያኔ ኮዱ ከተመለሰ ወይም ሞተሩ ከተደናገጠ፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ብየዳ መኖሩ በጣም ያስጠረጥራል። ምንም ባይሆን ግን ኮምፒዩተሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ብዙ ነው።

ከፍቶ ማየት

ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉ። ብሎኖቹን ፍቱና ክዳኑን አንሱ። ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ በጠርዙ ብቻ ያዙ።

የእጅ ባትሪውን ከላይ አታብሩ፣ ከጎን ዘንበል አድርጋችሁ አብሩ። ስንጥቅ የሚታየው በጥላው ነው። በማጉያው ትልልቆቹን ዕቃዎችና ስፒናው ሰሌዳው ላይ የሚገባባቸውን እግሮች አንድ በአንድ ሂዱባቸው። የምትፈልጉት በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተሰነጠቀ፣ የደበዘዘ ሊድ ነው። ኤሌክትሪክ በብዛት የሚያልፍባቸው ዕቃዎች ይሞቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ብየዳ ይደክማል። ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና የሆነ፣ ሲሞቅ የሚመታ መኪና ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሌላም ተመልከቱ። የጠቆረ ቦታ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ ክብ ሆነው የቆሙት ካፓሲተሮች ሥር የፈሰሰ ነገር። የተቃጠለ ቺፕ ካያችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። እሱ የጀማሪ ሥራ አይደለም፤ ሳጥኑን ኮምፒዩተር ለሚጠግን ባለሙያ ውሰዱ። እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ ከንቱ አይሆንም፤ ጥፋቱ የት እንዳለ አውቃችሁ ስለምትሄዱ ማንም አያታልላችሁም።

ብየዳው

በመጀመሪያ በተጣለ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ተለማመዱ። ሃምሳ እግር ፍቱና መልሱ። እጃችሁ እስኪረጋጋ የመኪናውን ሰሌዳ አትንኩ።

ካውያውን ወደ 350 ዲግሪ አድርጉ። ሰሌዳው በቫርኒሽ ዓይነት ሽፋን የተቀባ ከሆነ የምትበይዱበትን ነጥብ ብቻ በአልኮልና በእንጨት ጫፍ ቀስ ብላችሁ አጽዱ። ፍለክስ ቀቡ። የካውያው ጫፍ እግሩንም ሰሌዳ ላይ ያለውን መዳብም እኩል ይንካ። አሮጌው ሊድ ሲቀልጥ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። አንሱ። ሊዱ እስኪረጋ አትንፉበት፣ አታንቀሳቅሱት። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፤ ወደ እግሩ የሚወጣ እንደ ትንሽ ኮረብታ ነው። ክብ ጠብታ ሆኖ ከተቀመጠ አልያዘም።

ወደ ትልቅ የማሳ መዳብ የሚገቡ እግሮች ሙቀቱን ይሰርቃሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ። ካውያውን በኃይል አትጫኑ፣ መዳቡ ይነሳል። እንደ ማበጠሪያ ቀጫጭን እግር ያለውን ትልቁን ቺፕ ለጀማሪ አልመክርም፣ ተዉት። አንድ ነጥብ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ፤ ያልተሰነጠቀውን ሁሉ ለጥንቃቄ ብላችሁ አትበይዱ።

ስትጨርሱ ፍለክሱን በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። በማጉያ እዩ፤ ሁለት እግሮችን ያገናኘ የሊድ ክር እንዳይኖር። በደንብ ይድረቅ። መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃናትን አርቁ፣ ሊድ የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስበት።

ሰሌዳውን ምድጃ ውስጥ አስገብታችሁ አብስሉት የሚሉ ምክሮች አሉ። አታድርጉት። ካፓሲተሮቹና የስፒናው ፕላስቲክ ለዚያ ሙቀት አልተሠሩም።

ሌላ ሳጥን ለመግዛት ካሰባችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ኮምፒዩተር መግዛት ይቻላል። የእናንተው ሳጥን ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ መሆን አለባቸው፤ ተቀራራቢ የሚባል ነገር የለም። ቁልፋችሁ ቺፕ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌላ ሳጥን ሲገባ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል፤ ቁልፉንና ሳጥኑን የሚያስማማ ባለሙያ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ያ ያገለገለ ሳጥን የእናንተኑ በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናችሁ ላይ ገጥማችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ነድታችሁ ለመሞከር ተስማሙ።

መልሶ መግጠምና መሞከር

ሁሉንም እንደነበረ መልሱ፣ ፎቶዎቹን እያያችሁ። ባትሪው በመጨረሻ ይገባል። ቁልፉን ኦን አድርጉና ሳታስነሱ ኮድ አንብቡ። ከዚያ አስነሱ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ ወደ አር፣ ወደ ኤን፣ ወደ ዲ አሳልፉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። ምቱ ከሌለ ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ባትሪው ተነቅሎ ስለነበር ኮምፒዩተሩ የተማረውን ረስቷል። መጀመሪያ ላይ ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ቢያንገራግር የሚጠበቅ ነው፤ እየነዳችሁት ይስተካከላል። ያ የድሮው ከባድ ምት ግን ከመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ጀምሮ መጥፋት አለበት።

እውነተኛው ፈተና ሙቀት ነው። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ንዱት፣ ከተቻለ በቀትር፣ መብራት የሚበዛበት መንገድ ላይ። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ወረቀት አውጡና ኮዱ በምን ሙቀትና ፍጥነት ላይ ተመዝግቦ እንደነበር እዩ። መኪናውን ወደዚያው ሁኔታ አድርሱት። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ኮድ አንብቡ፤ ገና ቼክ ኢንጂን ያላበራ፣ እየተጠራቀመ ያለ ኮድ ስካነሩ ያሳያችኋል። ምንም ከሌለ ያንኑ ንባብ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ያኔም ባዶ ከሆነ የዳሽቦርዱን ኪስ የመጨረሻ ብሎን አጥብቁ።